ሐርፍ በሐርፍ የምታነብ ሴት

እትዬ ስንቅነሽን ሐሙስ ጠዋት አውሮፕላን ላይ ጫኗት። "ሄደች" አልልም። የሚሄድ ሰው ሻንጣ ይዞ፣ ሰው ተሰናብቶ ነው የሚሄደው። እሷን ያየ የለም። ለተማሪዋ ለመሰሉ ከማታውቀው ቁጥር ተደወለላት፣ አነሳች፣ "አዲስ አበባ ገብቻለሁ፣ ልጆቹን በርቱ በያቸው" የሚል ድምፅ ሰማች፣ ተዘጋ። በቃ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ካይሮ የኖረች ሴት ስንብቷ ይኼው ነው።

እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኬ በጠራ ቁጥር መጀመሪያ በሩን አያለሁ። ምክንያቱን እደርስበታለሁ። መጀመሪያ ማን እንደነበረች ልናገር። ይኸው "ነበረች" አልኩ። ነች። በሕይወት አለች።

አዲስ አበባ በእንግሊዝኛ ተመርቄ፣ ስምንት ወር ሙሉ ሥራ ፍለጋ ስዞር ከርሜ ነው እህቴ ጋ ካይሮ የመጣሁት። እህቴ ናት "ሐዳይቅ አል-መዓዲ ሰፈር ዓርብ ዓርብ እንግሊዝኛ የምታስተምር ሴት አለች፣ ቤት ከምትቀመጪ ሂጂ አግዣት" ያለችኝ። ሄድኩ። አምስተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የሌለው፣ አንድ ክፍል ቤት። ስድስት ሴቶች ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብለዋል። ሁሉም ሰው ቤት ነው የሚሠሩት፣ ዓርብ ዕረፍታቸው ነው። እትዬ ስንቅነሽ የቁም ሳጥኑን በር ሰሌዳ አድርጋ፣ በጠመኔ አንድ ቃል ጽፋበታለች። "ፓርሲሞኒየስ"። ቆንቋና ማለት ነው። ሁሉም ተራ በተራ "ፓርሲሞኒየስ፣ ፓርሲሞኒየስ" ይላሉ።

እኔ ትዕግሥት የለኝም። አልዋሽም።

"ይቅርታ እትዬ፣ እነዚህ ልጆች 'ራሴን አሞኛል' ማለት አይችሉም እኮ" አልኳት።

ዞር ብላ አየችኝ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሻሿን እስከ ቅንድቧ ድረስ የምታስር ሴት ነች።

"ራሷን ሲያማት ግንባሯን ትይዛለች፣ ማዳሟ ታያለች" አለችኝ። "ማዳሟ ቆንቋና መሆኗን ግን በምኗ ትንገራት?"

መሰሉ ከት ብላ ሳቀች። መሰሉ የክፍሉ አዝማች ነች። ትስቃለች፣ ታስቃለች፣ ግን የቤት ሥራ አትሠራም። "ዲግሪዋ ተመታች" አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ዲግሪ ሆነ።

አንቱም ልላት ሞክሬ ነበር። "ቀኑን ሙሉ ተንበርክኬ ወለል እየወለወልኩ፣ ዓርብ መጥቼ አንቱ ስባል ያስቀኛል፣ ተይው" አለችኝ። ተውኩት።

እንግሊዝኛዋ ጉድ ነው። "ትናንት እየመጣሁ ነኝ" ትላለች በእንግሊዝኛ፣ ምንም ሳታፍር። ትናንትና ነገ ለሷ አንድ ናቸው። ግን እኔ በአራት ዓመት ያልሰማሁትን ቃል ታውቃለች። ብታውቅ ደግሞ እንደ ዘመድ ነው የምታውቀው። ከየት እንዳመጣችው ሲነግሩኝ አላመንኩም።

ዶቂ ሰፈር አንድ ሽማግሌ ቤት ነው የኖረችው፣ አሥራ አንድ ዓመት። ኡስታዝ ነው የሚሉት፤ መምህር፣ ጌታው እንደማለት። ሚስቱ የሞተችበት፣ ዕድሜውን ሙሉ ከእንግሊዝኛ ወደ ዐረብኛ መዝገበ ቃላት ሲያዘጋጅ የኖረ ሰው። ዓይኑ ሲደክም ሥራው ሊቆም ሆነ። እሷ ልታበስል ነው የተቀጠረችው። አንድ ቀን የመድኃኒት ካርቶን ላይ ያለውን ፊደል ለብቻ ለብቻ ስትቆጥር ሰማት። ደሴ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምራለች፣ ፊደሉን ታውቃለች፣ ማንበብ ግን አትችልም። "ሐርፍ ሐርፉን ንገሪኝ" አላት። ሐርፍ ፊደል ማለት ነው። እሷ "አር፣ ኢ፣ ሲ" እያለች ትቆጥራለች፣ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ቃሉን ይገጣጥማል፣ ከዚያ ለሷ ያስረዳታል። ከምሳ በኋላ፣ በየቀኑ። እንዲህ ሆና ተማረች።

እኛንም እንደዚያ ነው የምታስተምረው። ለእያንዳንዱ ቃል ሦስት ጥያቄ አላት። ምን ማለት ነች? የት ነው የምትውለው? የማን ልጅ ነች? ትርጉሟን ብቻ ያወቀ ሰው አላወቃትም ትላለች። "ጎረቤትሽን ስሟን ብቻ ብታውቂ ቤትሽን አደራ ትያታለሽ?"

ስትፈራ ደግሞ የማትተዋት ነገር አለቻት። ፖሊስ ባየች ቁጥር ክንዴን ትይዝና ፊት ለፊቷ ያለውን ጽሑፍ ሁሉ ፊደል በፊደል ታነባለች፣ ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች። የፋርማሲ ሰሌዳ፣ የጫማ ማስታወቂያ፣ ምንም ይሁን። ጨርሳ ስታነብ አልፈነው እንሄዳለን። ካይሮ ውስጥ የእኛ ሰው ፍርሃት አንድ ነው፤ ኢቃማ፣ መኖሪያ ፈቃድ። እሱ ያለ ፓስፖርት አይታደስም። የሷ ፓስፖርት ደግሞ ከተቀጠረችበት ቀን ጀምሮ ኡስታዙ መሳቢያ ውስጥ ነበር። እሱ ሲሞት መሳቢያው የልጁ ሆነ።

ልጁ ሐቲም ይባላል። ጨዋ ሰው ነው፣ አይጮህም። አባቱን ከቀበረ በኋላ፣ አማቱን እንድታስታምምለት ወደሱ ቤት እንድትሄድ ፈለገ። በረሃው ውስጥ በግንብ ከታጠሩት አዳዲስ ሰፈሮች አንዱ ነው። እዚያ ያለ ፈቃድ ከበሩ አይወጣም። ዓርብ የሚባል ነገር የለም። እሷ "ላ"፣ አይሆንም አለች። እሱ ደግሞ "እንግዲያው ፓስፖርቱ እኔ ጋ ይቀመጥ፣ እስክታስቢበት" አለ።

"ዲግሪሽን ይዘሽ ነይ፣ አብረን እንለምነው" አለችኝ።

ሄድን። ዶቂ፣ አባቱ ቤት፣ ሻይ አስቀረበልን። የኡስታዙ ጠረጴዛ ላይ ነው የተቀመጠው። እሷን በዐረብኛ "ያ ሳራ"፣ አንቺ ሳራ፣ እያለ ነው የሚያናግራት፤ በዚያ ቤት ስንቅነሽ የሚላት ሽማግሌው ብቻ ነበር። ትንሽ አወሩ፣ እሱም እሷም አልተበገሩም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና በእንግሊዝኛ ጀመረ፣ እሷ እንደሌለች ሁሉ።

"አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ምከሪያት። ጥሩ ሴት ነበረች። አሁን ግን ሪካልሲትራንት ሆናለች።"

ራሴን ነቀነቅኩ። ቃሉን ሰምቼው አላውቅም። እሷ ምንጣፉን ታያለች፣ ምንም እንዳልገባው ሰው።

ሜትሮ ውስጥ፣ የሴቶቹ ፉርጎ፣ ቆመን ነው።

"ስትነቀንቂ አየሁሽ" አለችኝ። "አታውቂያትም አይደል?"

"ማንን?"

"ቃሏን።"

"ስልኬ ላይ አያታለሁ።"

"ስልክሽን ተይው፣ እኔ አለሁልሽ።" ጆሮዬ ላይ ጠጋ አለች። "አሻፈረኝ ባይ ማለት ነች። ሲያዙት የማይታዘዝ፣ ቢገፉት የማይሄድ። የላቲን ልጅ ነች፣ በፈረንሳይ በኩል ነው የመጣችው። ውስጧ ያለው ተረከዝ ነው። ጭነት ሲጭኗት በተረከዟ ወደ ኋላ የምትራገጥ በቅሎ አለች አይደል? እሷ ነች።"

"ስለዚህ ሰደበሽ።"

"የት እንደምትውል አልጠየቅሽኝም። አለቃ አፍ ላይ ትውላለች። ዳኛ አፍ ላይ፣ መኮንን አፍ ላይ። ሐኪምም አልድን ያለ ቁስልን ይላታል። ኡስታዙ ምን አለኝ መሰለሽ፣ ይቺን ቃል የሚናገራት ሁልጊዜ ላይ የተቀመጠው ነው። በቅሎዋ ስለራሷ ስትላት ተሰምቶ አይታወቅም።"

"ታዲያ ለምን በእንግሊዝኛ አልመለሽለትም? አፉን ታስይዢው ነበር።"

ክንዴን ጨመቀችኝ፣ እስኪያመኝ።

"ዛሬ እንግሊዝኛው ከገባኝ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይገባኝ ነበር ማለት ነው። እሱና ሚስቱ እኔ እንዳልሰማ ሲፈልጉ ወደ እንግሊዝኛ ነው የሚዞሩት። ሾርባ እያቀረብኩላቸው ስለ ሽማግሌው ያወሩ ነበር። ሽማግሌው በሩ ተከፍቶ እዚያ ክፍል ተኝቶ።"

"ምን አወሩ?"

"የማይወራ። ይኼን እንደሰማሁ ካወቀ ፓስፖርቴን አላየውም። መሳቢያው እስኪከፈት እኔ ደንቆሮ ነኝ። ገባሽ?"

"ገባኝ" አልኩ።

በሚቀጥለው ዓርብ ቃሏን ሰሌዳ ላይ ጻፈቻት። ሪካልሲትራንት። የየትኛውም ቤት ስም ሳታነሳ። ቃል በአካል ካልገባ አይያዝም ስለምትል ሁሉንም አስነስታ፣ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው በተረከዛቸው እንዲራገጡ አዘዘች። ሳቅ ሆነ። መሰሉ "ይቺ ለማዳሜ" ብላ በኃይል ስትራገጥ ተረከዟ የጋዙን አንቡባ አገኘው። ሲሊንደሩ ተንገዳግዶ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ሕንፃው የተናደ ነው የመሰለው።

ከታች በዱላ ጣሪያውን መቱ። ሦስቴ። ከዚያ የወንድ ድምፅ በደረጃው ላይ ጮኸ፣ "ፖሊስ እጠራለሁ" ነው የሚለው።

ሁላችንም ባለንበት ደረቅን። መሰሉ አንድ እግሯን እንዳነሳች ነበር። ከስድስቱ ኢቃማ ያላቸው ሁለት ናቸው። አንዷ ጫማዋን በእጇ ይዛ በሩን ታያለች። እትዬ ስንቅነሽ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗ የወደቀው አንቡባ ላይ የተጻፈውን በዝምታ እያነበበ ቆመች። የእግር ድምፅ ወደ ላይ መጣ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ቆመ፣ ተመለሰ።

ትምህርቱን አላቆመችም። ቁጭ አስባለችንና በሹክሹክታ ቀጠለች።

"ይቺ ቃል ሌላም መዋያ አላት" አለች። "ዘር የሚያጠኑ ሰዎች ይሏታል። ስንዴ ታደርቂዋለሽ፣ ጎተራ ታስገቢዋለሽ፣ ዓመት ይቆይሻል። የማንጎ ፍሬ ግን እምቢ ነው። ካደረቅሽው ይሞታል። ወይ አሁን ትተክይዋለሽ፣ ወይ ታጪዋለሽ። እሱንም ሪካልሲትራንት ይሉታል።"

"ማንጎ ደግሞ ምን አጠፋ?" አለች መሰሉ በሹክሹክታ። በዝምታ ሳቅን። እንደዚያ ፈርቼ ስቄ አላውቅም።

ሁለተኛ ጊዜ ሐቲም ጋ የሄድነው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ይኼን ማውራት አልወድም፣ ግን ጥፋቱ የኔ ስለሆነ አልዘለውም። ያው ሻይ መጣ። ያው ክርክር ሆነ። ያው ወደኔ ዞረና በእንግሊዝኛ፣ "የት ትሄዳለች? የውል ወረቀት እንኳ ማንበብ የማትችል ሴት ነች። እኔ እያዘንኩላት ነው" አለኝ።

አፌ አልጠበቀኝም።

"ከአንተ የተሻለ ታነባለች" አልኩት በእንግሊዝኛ። "ያን ቀን ያልካትን ቃል ላቲኗን ሳይቀር ታውቃታለች።"

እንደወጣ አወቅኩት። እሷ ቀና አላለችም። እሱ ግን ብርጭቆውን አስቀመጠና ቀስ ብሎ፣ በእንግሊዝኛ፣ እሷኑ ጠየቃት።

"ትረጂኛለሽ?"

ሻሿን ከቅንድቧ ከፍ አደረገች።

"ሐርፍ ሐርፍ" አለችው በዐረብኛ።

ይቆጣል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። ፊቱ አመድ መሰለ። ዓይኑ ወደ ምግብ ጠረጴዛው ሄደ፣ ከዚያ አባቱ ይተኛበት ወደነበረው ክፍል በር። እየቆጠረ እንደሆነ ገባኝ፣ በዚያ ጠረጴዛ የተወራውን ሁሉ። ከዚያ ቁልፉን አወጣና መሳቢያውን ከፈተ። ጠርዙ የተላጠውን ፓስፖርት ጠረጴዛው ላይ፣ በመሃላቸው አኖረው።

"አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ" አላት፣ ድምፁ ወርዶ። "ያወራነውን ለአባቴ ነግረሽው ነበር? ያውቅ ነበር በይኝ፣ አያውቅም በይኝ፣ ውሰጂው።"

እጇን ብትዘረጋ ትደርስበታለች። "አያውቅም" ብትል አለቀ። በሆዴ እየጮህኩባት ነበር፣ በይው፣ በይው።

"ማሌሽ ያ ሐቲም" አለችው፣ አይክፋህ እንደማለት። ስሙ ያለ "ኡስታዝ" ከአፏ ሲወጣ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። "የነገርኩትም ያልነገርኩትም የአባትህ ነው። እሱ መሳቢያውን ተወልህ እንጂ እኔን አልተወልህም።"

ተነሳች። መሳቢያው ከኋላችን ሲዘጋ ሰማሁት።

ደረጃውን ወረድን። ሁለተኛ ፎቅ ቁጭ አለች፣ የመብራት ቆጣሪው ላይ ያለውን ቁጥርና ፊደል ታነባለች። ይቅርታ እያልኩ አለቀስኩ።

"አፍሽ ከእግርሽ ይቀድማል" አለችኝ። "ተይ አታልቅሺ፣ በዋቡ፣ ዘበኛው፣ ያየናል።"

"ለምን አትዋሺውም ነበር?"

ተነስታ ቀሚሷን አራገፈች። ሜትሮ ውስጥ ግን፣ ሳልጠይቃት፣ ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብላ እውነቱን ነገረችኝ። ሽማግሌው ያውቅ እንደነበረና እንዳልነበረ፣ አንድ አረፍተ ነገር ናት።

"ለምን ለኔ?" አልኳት።

"በጣም ወሬኛ ስለሆንሽ። አንቺ ጋ ካደረ የትም ያድራል።"

በዘጠነኛው ቀን፣ ሰኞ፣ በቀትር፣ ሞሃንዲሲን ውስጥ የተሳፈረችበት ማይክሮባስ ተያዘ። ፖሊሶቹ ወረቀት ጠየቁ። መሰሉ አጠገቧ ነበረች፣ የሷን አሳየች። እትዬ ስንቅነሽ የምታሳየው የላትም። መሰሉ እንደነገረችኝ እሷ ስትወርድ የሹፌሩ መስታወት ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ እያየች ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር።

ቂስም፣ ፖሊስ ጣቢያ፣ ለመሄድ አምስት ቀን ፈጀብኝ። መልካም ስም አልሰጠውም፣ ፈርቼ ነው። የኔም ኢቃማ ሊያልቅ ሁለት ወር ነው የቀረው። ገብቼ ባልወጣስ? በስድስተኛው ቀን ዳቦ፣ ሳሙናና የውስጥ ልብስ ይዤ ሄድኩ። ስሜን ጻፉ፣ ፓስፖርቴን ተቀበሉኝ፣ ሲመልሱልኝ እስካይ ድረስ ትንፋሼን እንደያዝኩ ነበርኩ። ጠባብ ኮሪደር፣ ብረት በር። አምስት ደቂቃ አሉኝ። ያው የሰኞ ቀሚሷ ነው።

"ሐቲም ደወለልኝ" አልኳት ቶሎ ቶሎ። "የጠየቅኳትን ከነገረችኝ ዛሬውኑ ፓስፖርቷን አመጣለሁ ይላል። ካልሆነ ማንነትሽ እስኪጣራ ስንት ወር እዚህ እንደምትቀመጪ የሚያውቅ የለም። እባክሽ እትዬ። የፈለግሽውን በይው። ዋሺው።"

ዳቦውን ተቀብላ አሸተተችው።

"እዚህ ሦስት ያበዱ ሴቶች አሉ" አለችኝ በዝግታ። "ሌሊት አልተኛም። በጣም ነው የምፈራው፣ የማልፈራ እንዳይመስልሽ።"

"ታዲያ?"

"አያውቅም ብዬ ብነግረው ደስ ብሎት ይተኛል። ያውቃል ብዬ ብነግረው ያለቅሳል፣ ይወጣለታል፣ ይተኛል። የሚጠይቀኝ ስለ አባቱ አይደለም፣ ፈርቶ ነው።" ዳቦውን ከቀሚሷ ስር አስገባችው። "እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፈርቼ ኖሬያለሁ፣ ይኸው አልሞትኩም። እሱም ይሞክረው።"

ፖሊሷ "ኸላስ"፣ አለቀ፣ ብላ ትከሻዬን ያዘችኝ።

ለሐቲም ደውዬ "እምቢ ብላለች" አልኩት፤ ሌላ ምንም አልጨመርኩም። ዘጋው። በሦስተኛው ቀን የኡስታዙ ሕንፃ በዋብ እህቴ በር ላይ ፖስታ ይዞ መጣ። ፓስፖርቱ ነው። ደብዳቤ የለውም፣ መልእክት የለውም። ቂስም ወስጄ ሰጠሁ፣ የሚያናግረኝ አልነበረም። ሐሙስ ጫኗት። ፓስፖርቷን በእጇ ይዛ በራሷ ቀን ልትሄድ ነበር የፈለገችው፣ ልጆቹን አስተምራ ጨርሳ። ያገኘችው ግማሹን ነው።

ሐቲም የደወለው ትናንት ከምሳ በኋላ ነው። ቤት ብቻዬን ነበርኩ።

"ፓስፖርቱን ሰጥቻለሁ" አለኝ።

"አዎ። እናመሰግናለን።"

"ስሰጥ ምንም አልጠየቅኩም።"

"አዎ።"

"አባቴ የመጨረሻውን ወር አላናገረኝም። ስመጣ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞር ነበር። በሽታው ነው ብለን ነበር፣ ያዕኒ፣ ማለቴ፣ ሐኪሙም እንደዚያ ነው ያለን።" ድምፁ የለመድኩት ድምፅ አይደለም። "ላንቺ ነግራሻለች አይደል?"

ይኼ ሰው ስሜን ያውቃል። በዋቡ የእህቴን በር ያውቀዋል። ኢቃማዬ መቼ እንደሚያልቅም አንድ ሰው ቢጠይቅ ይነግሩታል። ይኼን ሁሉ አሰብኩ። ደግሞም አሳዘነኝ፣ እሱ ነው የባሰው። አንድ አረፍተ ነገር ነች እኮ፣ ምላሴ ላይ ተቀምጣለች።

"ነግራኛለች" አልኩት። "አልነግርህም።"

እዚህም አልጻፍኩትም።

ይዘጋዋል ብዬ ጠበቅኩ። አልዘጋም። እኔም አልዘጋሁም። ከወዲያ በኩል ሲተነፍስ እሰማለሁ፣ ዓይኔን ከበሩ ሳልነቅል ቆምኩ።